ሐይቁ የማን ነው? የኬንታኪ የሐይቅ ዳር ፓርኮች ታሪካዊ ዳሰሳ

በአሜሪካ ኬንታኪ ክፍለ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ የቴኔሲ ወንዝ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር ሊገናኝ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን ግድብ መንገዱን ይዘጋዋል። ከግድቡ ጀርባ የተንጣለለው የኬንታኪ ሐይቅ ወደ ደቡብ 296 ኪሎ ሜትር ዘልቆ ቴኔሲ ክፍለ ግዛት ውስጥ ይገባል። ጠመዝማዛው ዳርቻው ተዘርግቶ ቢለካ ከ3,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ባለው የአሜሪካ ምድር በስፋት የሚስተካከለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ የለም።

በዚህ ሐይቅና በስተምሥራቁ በተኛው በባርክሊ ሐይቅ ዳር ሦስት የክፍለ ግዛቱ የሪዞርት ፓርኮች ይገኛሉ፤ ኬንታኪ ዳም ቪሌጅ፣ ኬንሌክ እና ሌክ ባርክሊ ይባላሉ። እንግዳ የሚያድርባቸው ሎጆች፣ በዛፍ ጥላ ስር የተበተኑ ጎጆ ቤቶች፣ የድንኳን ሰፈሮች፣ የጀልባ ማቆሚያዎችና የዋና ዳርቻዎች አሏቸው። ኬንታኪ ዳም ቪሌጅ የጎልፍ ሜዳና ለአነስተኛ አውሮፕላኖች የሚሆን ማረፊያ ጭምር አለው። የእነዚህ ሁሉ ባለቤት የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው። ኬንታኪ በጠቅላላው 17 የሪዞርት ፓርኮችን ታስተዳድራለች፤ የመንግሥት ፓርክንና የእንግዳ ማረፊያን በአንድ ጥላ ስር በማዋልም ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች መካከል ስሟ በቀዳሚነት ይነሣል።

ስለ እንዲህ ያለ ስፍራ ሲጻፍ ዘወትር የሚነገረው ስለ ዓሣው፣ ስለ ጀንበር መጥለቂያውና ስለ አልጋው ዋጋ ነው። ይህ ዳሰሳ ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችን ይዞ ይነሣል። ሐይቁ እንዲተኛ ማን ከቀዬው ተነሣ? ፓርኩ ሲከፈትስ ማን ገባ፣ ማንስ በር ላይ ቀረ? የሕዝብ የሚባል መናፈሻ በእርግጥ የሕዝብ መሆኑ የሚታወቀው ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። የኬንታኪ ሐይቅ ታሪክ የሚያሳፍረውንም የሚያኮራውንም መልስ በአንድ ዳርቻ ላይ አከማችቷል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወራትና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎርፍ ያመጣው ግድብ

በጥር 1937 የኦሃዮ ወንዝ በታሪኩ ከታወቁት ሙላቶች ሁሉ የከፋውን አመጣ። ለሳምንታት ያላባራ ዝናብ ወንዙን ከአልጋው አውጥቶ በዳርቻው ያሉትን ከተሞች አጥለቀለቀ። በጠቅላላው 385 ያህል ሰዎች ሲሞቱ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። የቴኔሲና የኦሃዮ ወንዞች በሚገናኙበት ላይ የተቆረቆረችው ፓዱካ ከተማ 27,000 ያህል ነዋሪዎቿን አሸሽታ ባዶዋን ቀረች። ጀልባዎች በዋና ዋና መንገዶቿ ላይ ተመላለሱ።

የሸለቆውን ወንዞች የሚገራ ተቋም በዚያን ጊዜ ሥራ ጀምሮ ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በግንቦት 1933፣ የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣንን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈርመው ነበር። ባለሥልጣኑ ጎርፍን እንዲከላከል፣ ወንዙን ለመርከብ ክፍት እንዲያደርግ፣ መብራት እንዲያመነጭና የተሸረሸረውን አፈር እንዲያድን ተደርጎ የተዋቀረ ነው። የፖለቲካ ሕይወታቸውን በፓዱካ የጀመሩትና በ1937 የምክር ቤቱ የአብላጫው ፓርቲ መሪ የሆኑት ሴናተር አልበን ባርክሊ የወንዙ መጨረሻ ላይ ትልቅ ግድብ እንዲሠራ ከሚሟገቱት አንዱ ነበሩ። የጎርፉ ጭቃ ሳይደርቅ ክርክሩ አበቃ። ግንባታው በሐምሌ 1938 ተጀመረ፤ ግድቡ በነሐሴ መጨረሻ 1944 ውኃውን ያዘ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ወር፣ ጥቅምት 10 ቀን 1945፣ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በቦታው ተገኝተው መረቁት።

የግድቡ አሠራር የፓርኩን ኑሮ እስከ ዛሬ ይወስናል። የሐይቁ ከፍታ በዓመት ሁለት ጊዜ ሆን ተብሎ ይለወጣል። በሙቀቱ ወራት ከባሕር ወለል በላይ 359 ጫማ ላይ ይቆማል፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ 354 ጫማ ይወርዳል። ይህ የአንድ ሜትር ተኩል ልዩነት በሐይቁ ስፋት ሲባዛ እጅግ ብዙ ውኃ የሚይዝ ባዶ ቦታ ይፈጥራል። በጸደይ ዝናቡ ሲበረታ ግድቡ የቴኔሲን ውኃ አግቶ ኦሃዮና ሚሲሲፒ እንዲተነፍሱ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ የዋናውና የጀልባው ወቅት የሚከፈተው የሐይቁ ከፍታ ሲመለስ ነው። እንግዳው ለመዝናኛ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሐይቅ ዋና ሥራው ታች ያሉትን ከተሞች መጠበቅ ነው።

ለዳርቻው በሕዝብ እጅ መቆየት ደግሞ ዛሬ ማንም የማያስታውሰው ጠላት አስተዋጽኦ አድርጓል። የወባ ትንኝ ነው። በ1930ዎቹ በቴኔሲ ሸለቆ አንዳንድ አካባቢዎች ወባ የብዙ ሰው በሽታ ነበር፤ ረግቶ የሚተኛ ውኃ ደግሞ የትንኝ መራቢያ ነው። ባለሥልጣኑ የሐይቁን ከፍታ በየጊዜው ዝቅና ከፍ እያደረገ እጮቹን በደረቅ መሬት ላይ እንዲቀሩ አደረጋቸው፤ የዳርቻውን ቁጥቋጦም መነጠረ። ይህን ለማድረግ ውኃው ከሚደርስበት በላይ ያለውን መሬት ጭምር ገዝቶ ነበር። ወባው ከጠፋ በኋላ ለጥበቃ የተገዛው የዳርቻ መሬት በመንግሥት እጅ ቀረ። ፓርኮቹ የበቀሉት በዚህ መሬት ላይ ነው።

ውኃ የዋጠው ቀዬ

ማርሻል በተባለው የኬንታኪ አውራጃ፣ በቴኔሲ ወንዝ ዳር፣ በርሚንግሃም የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተቆርቁራ ከወንዙ ጀልባዎች፣ ከእንጨትና ከትምባሆ ንግድ ኑሮዋን ስታገኝ ኖራለች። ሐይቁ ሊሞላ ሲል ቤቶቿ ፈረሱ፣ ነዋሪዎቿ ተበተኑ፣ ከተማዋም ውኃ ስር ገባች። የሐይቁ ከፍታ በብርዱ ወራት እጅግ ሲወርድ የመንገዶቿና የሕንጻዎቿ መሠረት ርዝራዥ አሁንም ብቅ ይላል።

የበርሚንግሃም ታሪክ ግን በ1940ዎቹ አይጀምርም። በመጋቢት 1908 አንድ ሌሊት፣ ጭምብል ያጠለቁ ፈረሰኞች ወደ ከተማዋ ገብተው የጥቁር ነዋሪዎቿን ቤቶች በጥይት ደበደቡ። «የሌሊት ፈረሰኞች» የሚባሉት እነዚህ ቡድኖች በመጀመሪያ የተነሡት የትምባሆ ዋጋን በሞኖፖል ከያዘው ኩባንያ ጋር በሚደረግ ትግል ስም ነበር። በበርሚንግሃም ዓላማቸው ጥቁሮችን ከመሬታቸው ማባረር ሆነ። አንድ አዛውንትና ትንሽ የልጅ ልጃቸው ተገደሉ፤ ሌሎች ተገረፉ። በዚያ ወር ውስጥ አብዛኛው የከተማዋ ጥቁር ነዋሪ ንብረቱን ጥሎ ሸሸ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ የመንግሥት ገማቾች የመሬት ካሳ ሊቆጥሩ ሲመጡ፣ በጠብመንጃ የተባረረው ሰው በመዝገቡ ላይ አልነበረም። ለእርሱ የሚከፍል አልተገኘም።

በሕግ የተነሡት ደግሞ የራሳቸው ሐዘን ነበራቸው። የባለሥልጣኑ የመጀመሪያ ግድብ በሆነው በቴኔሲው ኖሪስ ግድብ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ መቃብሮችም ተቆፍረው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ለመሬት ባለቤቱ የመሬቱ ዋጋ ተከፈለው። ጭሰኛው፣ የሰው መሬት እያረሰ የሚበላው ገበሬ፣ የመሬት ካሳ አልነበረውም፤ ትንሽ ምክርና ትንሽ እርዳታ ይዞ ሄደ። ይህ ሥርዓት ወንዙን ተከትሎ ወረደ፤ በኬንታኪ ሐይቅም ላይ ሠራ። መብራት ለሚሊዮኖች ደረሰ፣ ጎርፉ ተገራ፣ ጥቅሙ እውነተኛ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ትልቁ ሸክም የወደቀው መሬት በሌላቸው ላይ ነው።

የሠራተኞች ሰፈር ሪዞርት ሲሆን

ግድብ የሚሠራ መንግሥት ፓርክ መሥራት የጀመረው ሐሳቡን በኖሪስ ሐይቅ ከሞከረ በኋላ ነው። ባለሥልጣኑ ከብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ጋር ሆኖ በዚያ ሐይቅ ዳር የማሳያ ፓርኮችን አቋቋመ፤ ቢግ ሪጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጉልበቱ የመጣው ከሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር ነበር። ይህ ከ1933 እስከ 1942 የቆየ ፕሮግራም ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሥራ አጥ ወጣቶችን በካምፕ እያሳደረ ዛፍ አስተክሏል፣ መንገድ አስጠርጓል፣ የድንጋይና የግንድ ጎጆዎችን አሠርቷል። በመላው አሜሪካ ከ800 የማያንሱ ፓርኮች የእነዚህ ወጣቶች እጅ አለባቸው። በርካታ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያ ፓርኮቻቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ኬንታኪ የፓርክ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው ቀደም ብላ፣ በ1924 ቢሆንም ሥራው ለረጅም ጊዜ አዝጋሚ ነበር። ለውጡ የመጣው ኧርል ክሌመንትስ በ1947 መጨረሻ ገዥ ሲሆኑ ነው። የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን እንዲመሩ የፓዱካውን ጋዜጠኛና የምክር ቤት ሰው ሄንሪ ዋርድን ሾሙ። ሁለቱም የምዕራብ ኬንታኪ ልጆች ናቸው፤ ሐይቁ ለአካባቢያቸው ምን ሊያመጣ እንደሚችል ገብቷቸዋል። ለአካባቢው፣ ከቺካጎ፣ ከሴንት ሉዊስና ከናሽቪል በመኪና የሚመጣ እንግዳ አዲስ ገቢ ነበር።

ግድቡን የሠሩት ሠራተኞች ጊልበርትስቪል አጠገብ የኖሩበት ሰፈር በመንገዱ፣ በውኃ መስመሩና በቤቶቹ ሁሉ የተሟላ ነበር። ግንባታው ሲያልቅ ሰፈሩ ባዶ ቀረ። ክፍለ ግዛቱ ተረከበው፤ መናፈሻና ማረፊያ አድርጎም ከፈተው። «ኬንታኪ ዳም ቪሌጅ» የሚለው ስም ያንን የሠራተኛ መንደርነት እስከ ዛሬ ተሸክሟል። በሐይቁ ዳር ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ አውሮራ አካባቢ፣ በመጀመሪያ የኬንታኪ ሐይቅ ፓርክ የተባለው የዛሬው ኬንሌክ ከሆቴሉ ጋር ተሠራ። በ1959 ገዥ የሆኑት በርት ኮምስ ደግሞ የሽያጭ ግብር አስገብተው፣ ለመንገዶችና ለፓርኮች የሚውል የ100 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በ1960 በሕዝብ ድምፅ አጸድቀው የፓርኮቹን ግንባታ አፋጠኑት።

ከዚህ በስተጀርባ አንድ ጠንካራ እምነት ነበር። ዕረፍት የሀብታም ብቻ መሆን የለበትም። የፋብሪካ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ገበሬ ከልጆቹ ጋር ሐይቅ ዳር የሚያድርበት ንጹሕ ቤት በሚችለው ዋጋ ማግኘት አለበት፤ ነጋዴው ይህን ካልሠራለት መንግሥት ይሥራለት። ይህን እምነት ዛሬም እጋራዋለሁ። ነገር ግን «ሠራተኛ፣ መምህር፣ ገበሬ» ሲባል በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው አልተቆጠረም።

በአንድ ሐይቅ ሁለት ፓርክ

በ1951 ከኬንሌክ አጠገብ፣ በትንሽ የውኃ ሰርጥ ማዶ፣ ቸሮኪ የሚባል ሌላ የክፍለ ግዛት ፓርክ ተከፈተ። ጎጆ ቤቶች፣ የመመገቢያ አዳራሽ፣ የዋና ዳርቻና የጀልባ ማቆሚያ ነበሩት። የተሠራው ለጥቁሮች ብቻ ነው። በዋናው ፓርክ ያሉት ነጮች ማዶውን፣ በቸሮኪ ያሉት ጥቁሮችም ወዲህኛውን ማየት ይችሉ ነበር። ሐይቁ አንድ ነው፣ ግብሩን የሚሰበስበው መንግሥት አንድ ነው፤ ዳርቻው ለሁለት ተከፍሏል።

ለቸሮኪ እንግዶች ግን ያ ዳርቻ ትልቅ ነገር ነበር። በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል የሚኖር ጥቁር ቤተሰብ ለዕረፍት መንገድ ሲጀምር የት እንደሚያድር፣ የት ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ የትኛው ምግብ ቤት እንደሚያስገባው አስቀድሞ ማጥናት ነበረበት። ቸሮኪ ሳይዋረዱ የሚያርፉበት፣ ልጅ የሚዋኝበት፣ ሽማግሌ ዓሣ የሚያጠምድበት፣ ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር የሚሰበሰብበት ቦታ ሆነ። ከአጎራባች ክፍለ ግዛቶች ጭምር ሰው ይመጣበት ነበር። ያ ደስታ እውነተኛ ነው፤ ፓርኩን የፈጠረው በደልም እውነተኛ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ኬንታኪ በዚህ ብቻዋን አልነበረችም። የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በኖሪስ የሠራት ሞዴል ከተማ ጥቁር ነዋሪ አታስገባም ነበር። በቻተኑጋ ከተማ አጠገብ ባለው የቺካማውጋ ሐይቅ ዳር ለነጮች ሃሪሰን ቤይ፣ ለጥቁሮች ደግሞ በታላቁ መምህር በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ስም የተሰየመ ፓርክ ነበር። በቨርጂኒያ በ1948 ማሴዮ ማርቲን የሚባሉ ጥቁር የባንክ ሰው ስታውንተን ሪቨር ፓርክ አናስገባም ሲባሉ ክስ መሠረቱ። የክፍለ ግዛቱ መልስ ነባሩን ፓርክ መክፈት አልሆነም፤ ፕሪንስ ኤድዋርድ ሐይቅ ላይ በ1950 ለጥቁሮች የተለየ ፓርክ አቋቋመ። «የተለየ ግን እኩል» የሚለው የሕግ ልብስ በየሐይቁ ዳር እንዲህ ይሰፋ ነበር።

ልብሱን የቀደደው ፍርድ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ጥቁር ዜጎች በባልቲሞር ከተማ የመዋኛ ዳርቻና በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ባለው ሳንዲ ፖይንት የክፍለ ግዛት ፓርክ የነበረውን መለያየት ተቃውመው ተከራከሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 1955 ፍርዱን አጸና። በትምህርት ቤቶች የነበረውን መለያየት በመሻር ከአንድ ዓመት በፊት የተሰጠው ታሪካዊ ውሳኔ በዚህ ወደ መናፈሻና ወደ ባሕር ዳር ተሻገረ። ሁሉም ክፍለ ግዛት በፈቃዱ አልታዘዘም። ሳውዝ ካሮላይና ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚዋኙ በሚል በ1963 ፓርኮቿን በሙሉ ዘጋች፤ በቀጣዩ ዓመት ስትከፍትም መዋኛና ጎጆ ቤቱን ለጊዜው አስቀረች።

ይህ ፍርድ ወደ እኛም ይደርሳል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሙቀቱ ወራት ከሰላቸውን፣ ምግባቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እነዚህ ፓርኮች ይገባሉ፤ ሳንዲ ፖይንት ከመዲናይቱ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በናሽቪል ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብም ለኬንታኪ ሐይቅ ሩቅ አይደለም። በሩ የተከፈተልን እኛ ከመድረሳችን በፊት በነበሩ፣ ስማቸውን እንኳ በማናውቃቸው ጥቁር ከሳሾች ነው። በዚያ ሣር ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ይህን ለልጆቹ ቢነግር የሚገባውን ዕዳ ከፈለ።

ቸሮኪ በ1960ዎቹ የተለየ ፓርክነቱ ቀረ፤ መሬቱም ከኬንሌክ ጋር ተቀላቀለ። መለያየቱ ሲያበቃ ግን የቦታው ታሪክም አብሮ ተዘነጋ፤ ሕንጻዎቹ ለዓመታት ተዘግተው አረጁ። የቀደሙ እንግዶቹና የአካባቢው ሰዎች ተነሥተው ስለ ተሟገቱለት የመመገቢያ አዳራሹ ታደሰ፤ በ2009ም ቸሮኪ በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። በደል የሠራውን ቦታ ማፍረስ ቀላል ነበር። ጠብቀው ታሪኩን እንዲናገር ማድረጋቸው የበለጠ ድፍረት የጠየቀ፣ የበለጠም የሚጠቅም ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሐይቅ፣ ሌላው ስንብት

ከቴኔሲ ወንዝ በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የኩምበርላንድ ወንዝ ከጎኑ ይወርዳል። የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ይህንንም ገደበው፤ በ1966 የሞላው ሐይቅ በአልበን ባርክሊ ስም ተጠራ። ሁለቱን ሐይቆች አንድ ቦይ አገናኛቸው። ኤዲቪልና ኩታዋ የሚባሉት የወንዝ ዳር ከተሞች ከፍ ወዳለ መሬት ተዛወሩ፤ የድሮው ኤዲቪል ኮረብታ ላይ የቆመው የድንጋይ እስር ቤት በቦታው ቀርቶ ዛሬ ሐይቁን ቁልቁል ያያል።

በሁለቱ ሐይቆች መካከል የቀረው ምድር ልሳነ ምድር ሆነ። በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አስተዳደር ይህን 688 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ብሔራዊ የመዝናኛ ስፍራ እንዲሆን ወሰነ፤ «በሐይቆች መካከል ያለ ምድር» ተባለ። በላዩ የሚኖሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በሙሉ እንዲነሡ ታዘዙ። ጎልደን ፖንድ የምትባለው ከተማቸው ፈረሰች። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ በኬንታኪ ሐይቅ ጊዜ አንድ ጊዜ፣ በባርክሊ ጊዜ ሌላ ጊዜ ተነሥተው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት መሬታቸውን የወሰደው ውኃ ነው፤ ጎርፍን ለመከላከል ነው ተብሎ ሊገባቸው ይችል ነበር። ሦስተኛው ጊዜ መሬቱ ደረቅ ነበር። ሌላ ሰው እንዲዝናናበት ሲባል ከደረቅ መሬት መነሣትን ብዙዎቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተቀበሉትም። ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፤ ተረቱ።

በዚያ ምድር ከ200 በላይ የመቃብር ስፍራዎች ቀርተዋል። የተነሡት ቤተሰቦችና ልጆቻቸው በየዓመቱ እየመጡ መቃብሩን ያጸዳሉ፣ አበባ ያኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ። ዓሣም ያጠምዳሉ፤ በጀልባም ይሄዳሉ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደሚባለው፣ ቤታቸውን የወሰደው ሐይቅና ጫካ የአገራቸው መልክ ሆኖ ቀርቷል። ከ1999 ጀምሮ ስፍራውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የደን አገልግሎት ነው። ዛፍ ስለሚቆረጥበት፣ መንገድ ስለሚዘጋበት ወይም ስለሚከፈትበት ነገር ሁሉ የእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች አስተያየት ሳይሰጡ አያልፉም። መብታቸው ነው።

በባርክሊ ሐይቅ ዳር ደግሞ ክፍለ ግዛቱ ሦስተኛውን ሪዞርት ገነባ። ንድፉን የሠሩት የዋሽንግተኑን የኬኔዲ ማዕከል የነደፉት ኤድዋርድ ዱሬል ስቶን ናቸው። ሎጁ ግዙፍ የእንጨት ምሰሶዎችና ሰፋፊ የመስታወት ግድግዳዎች አሉት፤ ከአብዛኛዎቹ ክፍሎች ውኃው ይታያል። ድሃ ከሚባሉት የሚቆጠር አንድ ክፍለ ግዛት፣ ለተራ ዜጋ ማረፊያ ከዘመኑ ስመ ጥር አርክቴክቶች አንዱን መቅጠሩ ሊከበር የሚገባው ነገር ነው። ቆንጆ ነገር ለሕዝብ አይበዛም የሚል እምነት በእንጨትና በመስታወት ቆሟል።

የተፈናቃይ መጠለያ

ፓርኮቹ ዛሬም ፈተና አለባቸው። ከእስያ የመጣው የካርፕ ዓሣ ዝርያ በወንዞቹ ተዛምቶ ሁለቱንም ሐይቆች ወርሯል፤ የአካባቢው ዓሦች የሚመገቡትን ይሻማል፣ የጀልባ ድምፅ ሲሰማም ከውኃው እየዘለለ ሰው ይመታል። ዓሣ አጥማጆች በብዛት እንዲያወጡት ድጎማ ተደርጓል፤ በባርክሊ ግድብ የመርከብ መተላለፊያ ላይ በ2019 በድምፅና በአየር አረፋ ዓሣውን የሚመልስ አጥር ተተክሏል። የሕንጻዎቹ እርጅናና የጥገናው ወጪም የየዓመቱ የበጀት ክርክር ነው። ሪዞርቶቹ ለግል ኩባንያ ይሰጡ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ብቅ ይላል።

ለዚህ ክርክር ጠንካራው መልስ የተገኘው በታኅሣሥ 10 ቀን 2021 ሌሊት ነው። ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ምዕራብ ኬንታኪን ሰንጥቆ አለፈ፤ ከሐይቁ በስተምዕራብ ያለችው ሜይፊልድ ከተማ ማዕከሏ ፈራረሰ፣ በክፍለ ግዛቱ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። በተከታዮቹ ቀናት የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የሪዞርት ፓርኮቹን ክፍሎች ቤት ላጡት ከፈተ። ኬንታኪ ዳም ቪሌጅ፣ ኬንሌክና ሌክ ባርክሊ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ተቀበሉ፤ ቤተሰቦች ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት በጎጆ ቤቶቹና በሎጆቹ ኖሩ። በሐምሌ 2022 የክፍለ ግዛቱ ምሥራቅ በጎርፍ ሲመታ በዚያም ያሉት የሐይቅ ዳር ሪዞርቶች፣ ጄኒ ዋይሊና በክሆርን ሌክ፣ እንዲሁ አደረጉ። ገዥው ውል ማፍረስ፣ ካሳ መደራደር፣ የባለአክሲዮን ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለገውም። ቤቶቹ የሕዝብ ስለ ነበሩ ሕዝብ ሲቸገር ገባባቸው።

ሰውን ከቀዬው በማስነሣት የተጀመረ ታሪክ ቀዬውን ላጣ ሰው መጠለያ በመስጠት ሲቀጥል ማየት ትልቅ ነገር ነው። የበርሚንግሃምን ተሰዳጆች፣ የጎልደን ፖንድን ገበሬዎች አይክስም። ነገር ግን የሕዝብ ንብረት ከባለቤቱ ጋር እንደ ቆየ ያለፈውን ስሕተቱን የሚያርምበት ዕድል እንደሚኖረው ያሳያል። የተሸጠ ንብረት ያ ዕድል የለውም።

ለእኛ የሚቀረው

የቴኔሲው ሐሳብ በቴኔሲ አልቀረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አንድን ወንዝ ከነሸለቆው በአንድ ባለሥልጣን እጅ የማልማት ዘዴ በመላው ዓለም አርአያ ሆነ። በኢትዮጵያ በ1962 የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። በአዋሽ ዳር የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ሲስፋፉ የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች ድርቁን የሚያሳልፉበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጡ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የተከለለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም የከረዩን የግጦሽ መሬት ይዟል። ዘዴው ከነጥቅሙ ሲመጣ ከነጉዳቱ መጣ።

ዛሬ ኢትዮጵያ በሐይቆቿ ዳር ሎጆችንና መናፈሻዎችን እየሠራች ነው። ሥራው መልካም ነው፤ ሐይቅ ዳር የሚያርፍ፣ ዛፍ ስር የሚቀመጥ፣ ልጁን ውኃ የሚያሳይ ዜጋ የሚገባውን አገኘ። የኬንታኪ ታሪክ የሚጨምርልን ምክር ግልጽ ነው። ከመሬቱ የሚነሣው ሰው፣ የመሬት ደብተር ያለውም የሌለውም፣ አስቀድሞ ይቆጠር። የነበረበት ቀዬ ስም በፓርኩ ውስጥ ይጻፍ፣ መቃብሩም ይከበር። ዳርቻው በግል አጥር አይዘጋ፤ የመግቢያውና የአልጋው ዋጋ በአካባቢው ለሚኖረው ሰው የሚደረስ ይሁን። የመጨረሻውና ትልቁ ነገር፣ ባለቤትነቱ በሕዝብ እጅ ይቆይ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ነውና።

መንግሥት ሐይቅ ሲሠራ ዕዳው ግድቡ በተመረቀ ዕለት አያልቅም። ለተነሣው ታሪኩን፣ ለሚመጣው በሩን እየጠበቀ በየትውልዱ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ኬንታኪ ይህን በብዙ በደልና በረጅም ጊዜ ተምራለች። ሌሎች በአጭሩ ሊማሩት ይችላሉ፤ ይገባልም።